ያበጠ ባትሪና ያበጠ ልብ

32 ዓመት አስተማሪ ሆኜ ልጆችን «አድምጡ» ስል ኖርሁ። ማድመጥን ራሴ የተማርሁት ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ከልጅ ልጄ ዘንድ ነው።

በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ የሚኖረውን ልጄን ልጠይቅ በሄድሁ ጊዜ፣ 14 ዓመት የሞላው የልጅ ልጄ በሬዲዮ የሚመራ ትንሽ የኤሌክትሪክ አውሮፕላን ነበረው። ለባትሪው የሚያደርገው ጥንቃቄ አስደነቀኝ። «አባባ፣ ትልቅ ባትሪ ሁሉ ጥሩ አይደለም። ከከበደ አውሮፕላኑን ይጫነዋል፤ ካነሰ ደግሞ ሞተሩ የሚፈልገውን አምፔር መስጠት ሲያቅተው ይግላል» አለኝ። ባትሪው ሊቲየም ፖሊመር የሚባለው ዓይነት ሲሆን ሦስት ሴሎች አሉት። እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ ከ4.2 ቮልት ማለፍ፣ ሲሠራም ከ3 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። ስለዚህ ልጁ ኃይሉ ሳያልቅ አውሮፕላኑን ያሳርፋል። ብዙ ቀን ሳያበር የሚቆይ እንደ ሆነም፣ ባትሪውን ሙሉም ባዶም ሳያደርግ በየሴሉ 3.8 ቮልት ያህል አስቀርቶ ያኖረዋል። ሲሞላውም አጠገቡ ይቀመጣል እንጂ ጥሎት አይሄድም።

አንድ ቀን ከባትሪዎቹ አንዱ አብጦ ተገኘ። ልጁም «ይህ ከእንግዲህ አይሞላም፤ በውስጡ ጋዝ ፈጥሯል፤ እሳት ያመጣል» ብሎ ለብቻው አስቀመጠው። እኔ ግን ገንዘብ የወጣበት ዕቃ ሲጣል ማየት አልወድም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብዬ በልቤ ናቅሁትና፣ እርሱ ትምህርት ቤት ሳለ ባትሪውን ከመሙያው ጋር አገናኝቼ ቡና ልጠጣ ገባሁ።

ስመለስ የመኪናው ቤት በጢስ ተሞልቶ ባትሪው ይነድድ ነበር። ልጁ ለእንዲህ ያለ ቀን ብሎ ያስቀመጠውን የአሸዋ ባልዲ አንሥቼ ገለበጥሁበት። ያ አሸዋ ባይኖር ቤቱ ይተርፍ ነበር ለማለት አልደፍርም።

ማታ አባቱ የተቃጠለውን ጠረጴዛ አይቶ ልጁን ተቆጣው፤ ከእንግዲህም አውሮፕላን እንዳያበር ከለከለው። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከእሳቱ ይልቅ ያ ዝምታ ዛሬም ያቃጥለኛል። እራት ቀርቦ «አባባ፣ ጸሎት ያድርሱልን» በተባልሁ ጊዜ ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ። ተነሥቼ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልጁ ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም» አልሁ። ልጁንም ይቅርታ ጠየቅሁት።

ባትሪ ሲያብጥ ከውጭ ይታያል፤ የሰው ልብ ሲያብጥ ግን ባለቤቱ እንኳ አያየውም። እናንተም ነገ ወላጆችና አያቶች ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ የሚያውቅ ሰው ሲነግራችሁ፣ ዕድሜውን ሳትቆጥሩ ስሙት።