ከይፋግ፣ ስለ ፀጉርሽ

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፤

እማዬ ጉልበቷ ተሻላት? አብሬያቸው ያለሁት እትዬ ስላንቺ ጠይቀው አይጠግቡም። በስልክ «ፀጉሬ በታጠብኩ በሦስተኛው ቀን ጭድ ይሆናል፤ ወይ እንደገና መታጠብ ወይ ለፔስትራ መሮጥ ነው» ያልሽኝን ነግሬያቸው ነበር። እትዬ አልሳቁም፤ አዘኑ። «በየሦስት ቀኑ እየታጠበች ምን ሊተርፋት ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያሳዩኝን ሳልረሳው ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

ይፋግ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዢ ወረታን አልፈሽ፣ አዲስ ዘመን ከመግባትሽ በፊት የምታገኚያት ከተማ ናት። ዛሬ አብዛኛው መኪና ሳይቆም ያልፋታል። በዘመነ መሳፍንት ግን አሞሌ ጨው የጫነ ሲራራ ነጋዴ የሚሰፍርባት፣ ቀረጥ የሚከፈልባት ትልቅ ገበያ ነበረች። አሁን ኅዳር ስለሆነ የፎገራ ሩዝ እየታጨደ ነው። ዝናቡ ከሄደ ቆየ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ከንፈር ይሰነጥቃል። በዚህ ነፋስ የእትዬ ፀጉር ለስልሶ ይውላል፤ የሚታጠቡት ደግሞ ሹሩባቸውን ሲፈቱ ብቻ ነው።

ጠዋት መደብ ላይ ተቀምጠው ሻሻቸውን ይፈታሉ። ለብ ያለ ውሃ በጣሳ ይቀርብላቸዋል። ውሃውን አናታቸው ላይ አያፈሱትም፤ የጣታቸውን ጫፍ ነክረው በሹሩባው መስመር መሃል የሚታየውን ቆዳ ብቻ ያረጥባሉ። ከዚያ ማጅራታቸው ላይ ተበትኖ የወረደውን ጫፍ በእርጥብ መዳፋቸው ጨበጥ አድርገው ይለቃሉ፤ ደግመው ጨበጥ አድርገው ይለቃሉ። አይጎትቱትም፤ ማበጠሪያም አያስነኩትም። መጨረሻ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታክል ለጋ ቅቤ በሁለት መዳፋቸው አሽተው፣ መዳፋቸው እስኪያብለጨልጭ ጠብቀው ጫፉን ያብሱታል። በቃ። ሻሻቸውን መልሰው ያስሩና ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

የልጅ ልጃቸው ግን እንዳንቺ ፀጉሯን ለቃ ነው የምትሄደው። ለእሷ የሚያደርጉላት ለአንቺ የሚሆነው ነው፦ ውሃውን ከላይ ከላይ ያርከፈክፉና፣ የተንጨባረረውን ዘለላ ብቻ እየለዩ በጣታቸው ጠቅልለው እስኪይዝ ቆየት ብለው ይለቁታል። ደህና ያደረውን አይነኩትም። ሙሉውን ፀጉር ካላረጠብኩ ማለት ከንቱ ድካም መሆኑን ያየሁት እዚህ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። ቆዳችን የሚያመነጨው ወዝ ቀጥ ባለ ፀጉር ላይ እስከ ጫፍ ይወርዳል። የእኛ ፀጉር ጥምዝ ስለሆነ ወዙ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሥሩ እየወዛ ጫፉ ይደርቃል። በየሦስት ቀኑ ስታጥቢው ያንኑ ትንሽ ወዝ ጠርገሽ ታወጪዋለሽ፤ ፔስትራው ደግሞ የተረፈውን እርጥበት ያተነዋል። ስለዚህ በእጥበትና በእጥበት መሃል ፀጉርሽ መጀመሪያ የሚፈልገው ውሃ ነው። ቅባት የገባውን ውሃ ይዞ ያቆያል እንጂ ራሱ አያርስም። ደረቁ ላይ ብትለቀልቂው ያብለጨልጭልሻል፤ ውስጡ ግን ድርቅ እንዳለ ነው። ለጋ ቅቤ የሚወደደውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ሳይነጠር በፊት በውስጡ ውሃ አለው። የተነጠረው ግን ውሃው ተኖ ያለቀ ስለሆነ ለወጥ ይሁን።

እዚህ ቅቤው የፎገራ ላም ነው። ጎረቤት እርጎውን በቅል ሲንጡ ቆይተው አሬራውን ለልጆች፣ ቅቤውን ለእትዬ ይሰጣሉ። እትዬ የደረቀና የተወቀጠ አደስ ይጨምሩበታል፤ ሽታው ቤቱን ያውደዋል። እንደ ድሮው አናት ላይ ከምሮ ፀሐይ እስኪያቀልጠው መቀመጥ አሁን ለበዓል ብቻ ሆኗል። አዘውትሮ መጠቀሙ የሚጠቅመው በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ ብዙው ውሎ ሲያድር ይኮመጥጣል።

ማታ ማታ ደግሞ ያለ ሻሽ መተኛት የለም። የድሮ ሰው ፀጉሩ እንዳይበላሽበት ማጅራቱን ብርኩማ ላይ አሳርፎ ይተኛ ነበር፤ ስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ብትሄጂ ታይዋለሽ። አንቺ ብርኩማ አያስፈልግሽም። ፀጉርሽን ወደ አናትሽ ላላ አድርገሽ ሰብስቢና ለስላሳ ሻሽ እሰሪበት፤ የጥጥ ትራስ ልብስ እርጥበቱንም ዘለላውንም ይበላዋል።

ቅዳሜ ደብረ ታቦር ወጥቼ ነበር። ከወረታ መንገዱ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ሽቅብ ነው፤ ከተማው ስትደርሺ ብርዱ ጋቢ ያስለብሳል። ጋፋትንም አየሁ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበትን። እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ግን መድፉን ሳይሆን ሹሩባቸውን ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ ከፀጉራቸው ተቆርጦ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። ለንደን ካለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ የተመለሰው መጋቢት 11 ቀን 2011 ነው፤ 150 ዓመት አልፎት። እህቴ፣ ይህን ሳስብ ሆዴ ይላወሳል። ጀግና በሹሩባው በሚታወቅበት አገር፣ የዚያው ሕዝብ ልጆች ጥምዝ ፀጉራቸውን ይዘው ሥራ ቦታ ለመግባት የሚያፍሩበት ምንም ምክንያት የለም። «ጥምዝ ፀጉር ያልተሠራ ፀጉር ነው» ላለችሽ አለቃሽ ይህንኑ ንገሪልኝ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። አዲስ አበባ ቅቤ ሸትቶ ቢሮ መግባት ካልሆነልሽ ተልባ አለ። ሙሉውን ፍሬ በውሃ ቀቅለሽ ልጋጉ ሲወጣ ትኩሱን አጥልይው፤ ከቀዘቀዘ ይወፍርና አልጠል ይልሻል። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪና ጠዋት ጠዋት ፀጉርሽን ካረጠብሽ በኋላ በመዳፍሽ ጨብጪበት። ሽታው ከተለወጠ ድፊው። ፎሮፎርሽ ካልለቀቀሽ ቅቤም ሆነ ዘይት ከራስ ቆዳሽ ይራቅ፤ ፎሮፎር የሚያመጣው ፈንገስ ቅባት ነው የሚመገበው። ጫፉን ብቻ ቅቢ። ሹሩባ ስትሠሪ ደግሞ ግንባርሽ ዳር እንዳያጠብቁብሽ እምቢ በይ። እትዬ ሹሩባ ሲሠሩ መስመሩን በወስፌ ጫፍ አውጥተው ጆሮ ግንድ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ያላላሉ፤ «እዚህ ጋ የሸሸ ፀጉር አይመለስም» ይላሉ። በየጊዜው ቆዳው እየተጎተተ ከቆየ እውነታቸውን ነው።

አደስ የገባበትን ቅቤ በትንሽ ጣሳ አድርጌ፣ ሰኞ ወደዚያ በሚመጣው የጎረቤት ልጅ እልክልሻለሁ። ለእማዬም ይበቃል፤ አካፍያት። ጣሳው የእትዬ ስለሆነ እንዳይጠፋ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

እህትሽ