የናይኪ ዘፈን እና የአጎቴ ማበጠሪያ

ግንቦት 23 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል! ጎፋ ማዞሪያ አካባቢ ዲሽ ያለው ቡና ቤት ውስጥ፣ ለሦስት ሰው በተሠራ አግዳሚ ላይ ስድስት ሆነን ተጣብበን ተቀምጠናል። ፓፓ ቡባ ዲዮፕ አገባ፤ በዓለም ዋንጫው ሴኔጋል ፈረንሳይን 1 ለ 0 ረታች፤ የማላውቀው ሰው ግንባሬን ሳመኝ። እንዲህ ያለ ደስታ!

የዚያ ሰሞን ነገር ሲነሳ ግን ቀድሞ ጆሮዬ ላይ የሚመጣው አንድ ማስታወቂያ ነው። መርከብ ውስጥ፣ በብረት አጥር በተከበበች ትንሽ ሜዳ፣ ሦስት ለሦስት፣ መጀመሪያ ያገባ አሸናፊ። ኤሪክ ካንቶና እየመራው እነሮናልዲንሆና እነሄንሪ ኳሷን ያንቀረቅቧታል። ከሥሩ ደግሞ ያ ዘፈን! «መጣ!» ተብሎ ከተጮኸ፣ ሻይ የያዘውም ብርጭቆውን አስቀምጦ ይነሳል። ስሙን ማን ያውቀዋል? ለእኛ «የናይኪ ዘፈን» ነው።

አንድ ቀን አጎቴ ሊጠራኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ አልንቀሳቀስ አለ።

«ይሄ እኮ ኤልቪስ ነው!»

«የናይኪ ነው ጋሼ» አልነው።

«ድምፁን ለእኔ ትነግሩኛላችሁ?» ብሎ ከደረት ኪሱ የማትጠፋዋን ጥቁር ማበጠሪያ አወጣና ፀጉሩን ወደ ላይ ጫረው። በጉርምስናው በቫዝሊን የሚያቆመው ፀጉር ነው። የሚያስመስለው ግን ኤልቪስን ብቻ አልነበረም፤ የእኛኑ ኤልቪስ፣ አለማየሁ እሸቴንም ጭምር እንጂ። ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣ፣ ድምፁም አለባበሱም እሳት የሆነ ሰው!

አጎቴ ልክ ነበር። ኤልቪስ ፕሪስሊ ከተወነባቸው 31 ፊልሞች ብዙ ሰው ከማያነሳው፣ በ1968 እ.ኤ.አ. ከወጣው «ሊቭ ኤ ሊትል፣ ላቭ ኤ ሊትል» የተገኘ ዘፈን ነው። «ኤ ሊትል ሌስ ኮንቨርሴሽን» ይባላል። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ከ69ኛ ደረጃ አላለፈም። ከ34 ዓመት በኋላ አንድ ሆላንዳዊ ሙዚቀኛ አዲስ ምት ሰጠው፤ ማስታወቂያው ዓለምን አዞረው፤ እንግሊዝ አገር 1ኛ ወጣ። ለኤልቪስ እዚያ 18ኛ አንደኛነቱ ሆኖ ቢትልሶችን አስበለጠው። ሰውዬው ከሞተ ያኔ 25 ዓመት ሊሞላው ነበር እኮ!

እኔን ይበልጥ የሚያስፈነድቀኝ የዓመታቱ መግጠም ነው። ዘፈኑ አሜሪካ ውስጥ ሳይሳካለት በቀረ በዓመቱ፣ በ1969 እ.ኤ.አ.፣ እዚህ አዲስ አበባ አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን ከፈተ። የመጀመሪያው ሸክላ የማን ሆነ? የአለማየሁ!

አሁን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፤ ያኔ ማሳ የነበረው ጀሞ። አለማየሁ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ አርፏል፤ አጎቴ ያን ቀን ሬዲዮኑን ሳይዘጋ አደረ። ባለፈው እሁድ ዘፈኑን ከነፊልሙ ስልኬ ላይ አገኘሁለት። ማስታወቂያ የለ፣ ኳስ የለ፤ ድግስ ላይ ያለ ኤልቪስ ብቻ። አጎቴ መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ፀጉሩን፣ ፀጉሩን እየው!»

ሲያልቅ ስክሪኑ ጠቆረ። ስልኩንም አልመለሰልኝም፤ እንደ መስታወት ፊቱ ላይ ደግኖ ያቺኑ ጥቁር ማበጠሪያ አወጣና ነጭ ፀጉሩን ወደ ላይ ያበጥር ጀመር።