ስንተኛ የሚሸጥልን ሥዕል

አንዳንድ ወዳጆቻችን ይህን ሥራ እንጀምረው ወይ እያሉ ስለሚጠይቁን የደረሰብንን እንጽፋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው አጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያነሣና በኢንተርኔት ለሚሠራ አገናኝ ድርጅት ይሰጣል፤ ማስታወቂያ ወይም ፊልም የሚያዘጋጅ ሁሉ የመጠቀም ፈቃድ ይገዛል። ሥዕሉ የአንሺው ሆኖ ስለሚቀር ለመቶ ሰው ሊሸጥ ይችላል። እኛም በቨርጂኒያ የቤት ኪራይ ከብዶን ስለ ነበር ደስ ብሎን ጀመርን።

በመጀመሪያ ያነሣነው የቶኪዮ ከተማ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 ለዋሽንግተን ያበረከተቻቸውን፥ በታይዳል ቤዝን ዳር በየጸደዩ የሚያብቡትን የቼሪ ዛፎች ነበር። ነገር ግን በዚያው ጠዋት ካሜራ ይዞ ከአጠገባችን የቆመው ሕዝብ ሁሉ ያንኑ አበባ አንሥቶታልና በዓመቱ አንድ ገዥ እንኳ አላገኘንም። ተኝቶ የሚበላበት ነው መባሉም ከንቱ ነው። ለአሥር ሰከንድ ሥዕል የንግድ ምልክት እንዳይታይበት መመርመር፥ ፈላጊው እንዲያገኘው እስከ 50 የሚደርሱ ቃላት መጻፍ ሌሊቱን ይፈጃል። ድርሻውም ትንሽ ነው፤ አዶቤ ስቶክ ለአንሺው ከሽያጩ 35 በመቶ ይሰጣል፤ ሸተርስቶክም በ2020 ባወጣው ደንብ ከ15 እስከ 40 በመቶ አደረገው።

የተሸጠልን እናታችን ቡና ሲቆሉ ያነሣነው ነው፤ ጭሱ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ሲወጣ፥ እጃቸው ምጣዱን ሲያወዛውዝ፥ በመጨረሻም ቀና ብለው ፈገግ ሲሉ። የሰው ፊት ያለበት ሥዕል ለማስታወቂያ እንዲሸጥ የባለመልኩ ፊርማ ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ወረቀት ብንሰጣቸው «እናንተ ካላችሁ» ብለው ፈረሙ። እኛም አላነበብንላቸውም፤ ራሳችንም በደንብ አላነበብነውም።

በሁለተኛው ወር 21 ዶላር ገባልን። ስንነግራቸው ደስ ብሏቸው፥ ማን ገዛው፥ ምንስ ሊያደርግበት ነው ብለው ጠየቁን። ድርጅቱ የገዥውን ስም አይነግርምና መልስ አጣን። በዚያ ሌሊት ቁጭ ብለን ወረቀቱን አነበብነው። ገዥው ስም ከሚያጠፋና ከነውር ነገር በቀር ሥዕሉን ቆርጦ ቀጥሎ ለወደደው ያውለዋል፤ ለመጠጥ ማስታወቂያ ቢያደርገው የሚከለክል ቃል አላገኘንም።

በማግሥቱ በአማርኛ እየመለስን አነበብንላቸው። ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ፥

«እጄን ሽጡ፤ ፊቴን ግን ተዉልኝ» አሉን።

ሥዕሉን ከገበያ አወጣነው። በምትኩ እጃቸውና ጭሱ ብቻ የሚታዩበትን አቀረብን፤ እርሱም እስከ ዛሬ አራት ጊዜ ተሸጧል። የፊተኛው ገዥ ግን አንድ ጊዜ የገዛው ፈቃድ በእኛ ማውጣት አይሻርም። እናታችንም ቴሌቪዥኑ ላይ ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር መነጽራቸውን ፈልገው ያደርጋሉ።