ብቻ ትሂድልኝ

መኪናዬ ጎተራ ማሳለጫ ሥር ቀጥ ስትል ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ከኋላ የ6 ዓመት ልጄ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከእኛ በስተኋላ ያለው ሾፌር ሁሉ በጡሩምባ ይሰድበናል። እኔ ግን አልደነገጥኩም። በወሩ ውስጥ አራተኛ ጊዜዬ ስለነበር መድኃኒቱን ለምጄዋለሁ። ጎንበስ ብዬ፣ በስተቀኝ ከተሳፋሪው እግር አጠገብ ከምንጣፉ ጀርባ እጄን ሰደድኩና ያችን የለመድኳትን በተን ተጫንኳት። መኪናዋ ተነሣች፤ ልጄም አጨበጨበች።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ከተሠሩት የፎርድ፣ የፊያት፣ የጃጓርና የላንድሮቨር መኪኖች ብዙዎቹ፣ ግጭት ሲደርስ ወደ ቤንዚን ፓምፑ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆርጥ ማጥፊያ አላቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። በውስጡ ያለችውን የብረት ኳስ ማግኔት ይዟታል። ከባድ ግጭት ሲመጣ ኳሷ ከማግኔቱ ትላቀቅና የኤሌክትሪኩን መገናኛ ትለያየዋለች፤ በተኗም ከላይ ብቅ ትላለች። ቤንዚኑን ከጋኑ ወደ ሞተሩ የሚገፋው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነውና፣ ቧንቧው ቢቆረጥ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን እንዳይረጭ የተበጀ ዘዴ ነው። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ይህን ሥራ የኤርባጉ ኮምፒውተር ተረክቦታል። የእኔዋ፣ ስሟ ይቆየንና፣ ከቀድሞዎቹ ወገን ናት።

እንግዲህ ጉድጓድ ስትረግጥ ትጠፋለች፤ በተኗን ስጫን ትነሣለች። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ምን ይጠየቃል? ፍርዱን ሰጥቼ ጨርሻለሁ። ይህ ማጥፊያ ፈሪ ነው፣ የአዲስ አበባ ጉድጓድ ሁሉ ግጭት ይመስለዋል አልኩ። በዚያው ቅዳሜ ተክለሃይማኖት አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይህን ነገር ዳይሬክት ያድርጉልኝና ልገላገል» አልኳቸው።

መልስ አልሰጡኝም። ይልቅ ጠየቁኝ። «መኪናዋ ስትጠፋ በተኗ ብቅ ብላ ታገኛታለህ ወይስ እንደገባች ናት?»

ዝም አልኩ። አንድም ቀን አይቻት አላውቅም። በዳበሳ መጫን ብቻ ነበር ሥራዬ።

ሽማግሌው መጀመሪያ ቁልፉን በግማሽ አስከፈቱኝ። ከኋላ መቀመጫው ሥር ፓምፑ «ዝዝዝ» ብሎ ለሁለት ሰከንድ ያህል ተሰማ። ቀጥለው ማጥፊያውን ከታሰረበት ፈቱና በመዳፋቸው ላይ መታ አደረጉት። በተኗ ጠብ ብላ ወጣች።

«አሁን አስነሣ።»

«አይነሣም እኮ ጋሼ፣ ተቆርጧል» አልኩ አዋቂ ለመምሰል።

«አስነሣ ነው የምልህ!»

አስነሣሁ። ሞተሩ ያለ አንዳች እንከን ተነሣ።

ሁለታችንም ተያየን። ከዚያ ምንጣፉን ገለጡት። ወደ ማጥፊያው ይሄዱ የነበሩት ሁለት ሽቦዎች ተቆርጠው እርስ በርሳቸው ተጠምዝዘዋል፤ የተጠቀለለባቸው ጥቁር ቴፕ በሙቀት ላልቷል፤ መገጣጠሚያው ጠቁሯል። ጉድጓድ ሲመጣ መገጣጠሚያው ይላቀቃል፤ እኔ እጄን ሰድጄ ስጫን ደግሞ ጥቅሉ ይነቃነቅና ይገናኛል። መኪናዋን ያስነሣት የነበረው ያወዛወዝኩት ሽቦ እንጂ የተጫንኳት በተን አልነበረችም። አንድ ወር ሙሉ ፈሪ እያልኩ የሰደብኩት ማጥፊያ ከሥራው ከተባረረ ቆይቷል።

«የትኛው ግዴለሽ ነው እንዲህ ያደረገው?» አልኩ በቁጣ። ግዴለሽነትን ማውገዝ እንጀራዬ ነው፤ በየመጽሔቱ የሠራተኛውን፣ የሹሙን፣ የሾፌሩን ቸልተኝነት ስጽፍ እኖራለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው መሆኑ ነው።

ምክንያቱም ቁጣዬ ሳይበርድ ትዝ አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በአንድ የክረምት ምሽት፣ ዝናብ እየወረደ መኪናዋ መንገድ ላይ ቆማብኝ ነበር። የተጠራው ልጅ መብራት እያበራ ሲፈትሽ ቆየና «ማጥፊያዋ ናት፣ ዳይሬክት ላድርጋት?» አለኝ። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅሁም። «የፈለግኸውን አድርግ፤ ብቻ ትሂድልኝ» አልኩት። ሄደች። ሦስት ዓመት ሙሉ ሄደች። ልጄም ሦስት ዓመት ሙሉ ከቤንዚን ጋኑ በላይ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትሄድ፣ በግጭት ጊዜ ቤንዚኑን እንዲያቆም የተሠራው ነገር እግሬ አጠገብ ሥራ ፈትቶ ተጋድሞ ነበር።

ሽማግሌው ሽቦዎቹን ወደ ቦታቸው መልሰው በስታኞ አጣበቋቸው። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ማጥፊያውን እንደገና መታ አደረጉት። በተኗ ወጣች፤ ሞተሩ ጥቂት ተንገጫገጨና ጠፋ። በሕይወቴ መኪና ሲጠፋብኝ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

«ከእንግዲህ ብቅ ብላ ካገኘሃት» አሉኝ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ከመጫንህ በፊት ውረድ። ከሥር የሚፈስ ነገር እንዳለ እይ፣ ቤንዚን ይሸት እንደሆነ አሽትት። የቆመው በምክንያት ይሆናል።»

ሰኞ ጠዋት ጎተራ ስንደርስ ያንኑ ጉድጓድ ረገጥን። መኪናዋ አልጠፋችም። ልጄ የምታጨበጭብበት ነገር አጥታ ትንሽ ቅር አላት።