የጀማ ሸለቆ ቆቅ

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ሲሄዱ ሙከ ጡሪ ይደርሳሉ። ከዚያ መንገዱ ወደ ለሚ ይታጠፋል። ከለሚ በኋላ ሜዳው ያልቃል፤ ገደል ይጀምራል። ታች የጀማ ወንዝ ይታያል። ላይ ጤፍና ስንዴ ነው፤ ታች ማሽላ ነው። ላይ ጋቢ ለብሰን ነበር፤ ታች ስንደርስ ሸሚዙም ከበደን።

የሄድነው ቆቅ ለማየትና ፎቶግራፍ ለማንሳት ነው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። «ልጆቼ፣ ለቆቅ ብላችሁ ነው ይህን ሁሉ ገደል የወረዳችሁት? ቆቅ የት አገር ጠፍቶ?» አሉን።

እውነት ነው፤ ቆቅ ብዙ ዓይነት አለ። ይህኛው ግን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። በአገራችንም ይበልጥ የሚታወቀው በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች ነው። ጀማ አንዱ ነው። የብሪታንያ ተጓዦች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ስለ እርሱ ጽፈው «የሀርውድ ቆቅ» አሉት። የሸለቆው ሰው ግን ከዚያ በፊትም ያውቀዋል። ቆቅ ይለዋል፣ በቃ።

ዓይኑ ዙሪያ ቀይ ነው። ደረቱ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ጥለት አለው። በገደሉ አፋፍ ያለው ትልቁ ቆቅ ሌላ ነው፤ የእርሱ ግንባር ጥቁር፣ እግሩ ቢጫ ነው።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣን። ሽማግሌው መሩን። ከጅረቱ ዳር፣ ከፊላው አጠገብ ተቀመጥን። ማውራት የለም፣ ማሳል የለም። ሲነጋጋ አንዱ ጮኸ። ወደዚያ ስንዞር ሌላው ከኋላችን ተነሥቶ በረረ። ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ ማለት ይኸው ነው! «አትከተሉት፤ ራሱ ይመጣል» አሉን ሽማግሌው። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ሁለት ቆቆች ከማሽላው ማሳ በእግራቸው ወጡ። አንገታቸውን እየመዘዙ ወደ ፊላው አመሩ። ያን ጊዜ አነሣናቸው።

ፊላው መሸሸጊያቸው ነው። ማታ ዛፍ ላይ ያድራሉ። ፊላው ከታጨደ፣ ዛፉም ከተቆረጠ መግቢያ የላቸውም። ማሽላ ይበላሉ፤ ምስጥም ይበላሉ። እህል የሚበላን ወፍ ገበሬ ለምን ይውደደው? እኛም በዚህ ተከራከርን። ያየናቸው ግን መሬት የወደቀውን ሲለቅሙ ነው።

ፎቶግራፉን ለሽማግሌው አሳየናቸው። ቀረብ ብለው አዩት። «ዓይኑ እንዲህ መቅላቱን ዛሬ ገና ልብ አልኩ። ስንበላው የኖርነው ይህን ነው? ሌላ አገር የለም አላችሁ?»

«የለም፣ አባባ።»

ዝም አሉ። ከዚያ ፊላውን በዱላቸው አመለከቱ። ቦታው የልጃቸው ነው፤ በመጪው በጋ መንጥሮ ሽንኩርት ሊተክልበት አስቧል።

«እነግረዋለሁ» አሉ። «ግን ሽንኩርቱም ያስፈልገዋል።»