በአንድ ቦርሳ ሄጄ በሁለት ተመለስኩ

እኔ ጠፍቼ ነው የሰነበትኩት። የጠፋሁትም እንዲሁ አይደለም፤ ቦርሳዬን አዝዬ ሃያ ስድስት ቀን ኬንያን ስዞር ነው። ብቻዬን። ብቻዬን ስላችሁ ደግሞ የእውነት ብቻዬን ነው! ጓደኛ የለ፣ እጮኛ የለ፣ አስጎብኚ የለ። እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ "ከነማን ጋር ነው የሄድሽው ያልሽኝ?" እያለች ትጠይቀኛለች። እኔም "ከቦርሳዬ ጋር" እላታለሁ። አታምነኝም።

የጉዞን መጀመሪያ ሁሉም ሰው ያወራዋል። ስንቅ ሲቋጠር፣ ጓደኛ ሲሸኝ፣ ፎቶ ሲነሱ... እኔ ግን ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግኩት የመጨረሻዎቹን አምስት ቀናት ነው። ኪስ ሲሳሳ፣ ጫማ አፉን ሲከፍት፣ ልብም "እንመለስ ወይስ ትንሽ እንቆይ?" እያለ ሲያመነታ ያለውን ጊዜ። ለምን ቢሉ፣ ሃያ አንዱ ቀን ያላስተማረኝን አምስቱ ቀን አስተምሮኛል።

መነሻችን ሞምባሳ ነው። አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ከማቀዝቀዙ ይልቅ ጩኸቱ የሚብስ ቬንትሌተር ያለበት ርካሽ ማደሪያ ተከራይቻለሁ። አልጋው ላይ ገንዘቤን ዘርግቼ ብቆጥር 11,400 የኬንያ ሺልንግ! ለሁለት ዓመት ዕቁብ ጥዬ ያጠራቀምኩት ሁሉ አልቆ የቀረው ይኸው ነው። ከዚህ ላይ የባቡር አለ፣ የናይሮቢ ማደሪያ አለ፣ እስከ ሞያሌ የአውቶቡስ አለ፣ ከሞያሌ አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ አለ። መብላት የሚባለውም ነገር አልቀረም።

መቼም የቸገረው ብልሃት አያጣም። ሞምባሳ ላይ በኮኮናት ወተት የሚሠራ የባቄላ ወጥ የመሰለ ነገር አለ፤ ቦሎቄ ነው፣ እነሱ "ማሃራግዌ" ይሉታል። ከአንድ ቻፓቲ ጋር ከበላችሁት እስከ ማታ አትራቡም። ለጾም ቀንም ይሆናል፣ ለከሳ ኪስም ይሆናል። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ እሱን ስበላ ሴትየዋ ለመደችኝና ሦስተኛ ጊዜ ስመጣ ገና ሳልቀመጥ ታቀርብልኝ ጀመር።

በነፃ የሚታይ ነገር ደግሞ ሞልቷል። ከሰዓት በኋላ ፎርት ጂሰስ የተባለው ምሽግ ግድግዳ ሥር፣ ባሕሩ ዳር ቁጭ አልኩ። ምሽጉን ፖርቱጋሎች መሥራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1593 ነው፤ ዩኔስኮም በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከዚያ በፊት፣ በ1498፣ ቫስኮ ዳ ጋማ በዚሁ ባሕር አልፏል። የእኛ ሰው ታሪክ ካስታወሰ፣ በ1541 ምጽዋ ወርዶ ከግራኝ አሕመድ ጦር ጋር የተዋጋው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ የዚህ ሰውዬ ልጅ ነው። አባት ሞምባሳ፣ ልጅ እኛ ዘንድ! እነሱም ለካ ቦርሳ አንጠልጣይ ቤተሰብ ኖረዋል አልኩ ለራሴ። ልዩነቱ እነሱ መድፍ ይዘዋል፣ እኔ የጥርስ ብሩሽ።

አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁ፣ ያስደስታችኋል። ስዋሂሊ ተናጋሪው ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው። "ሳአ ምቢሊ" ካላችሁ ሁለት ሰዓት ማለት ነው፤ የእኛው የጠዋቱ ሁለት ሰዓት። ሰዓት "ሳአ"፣ ስኳር "ሱካሪ"፣ ደም "ዳሙ"፣ ሒሳብ "ሄሳቡ"። ሰው አገር ሳለሁ ቤቴ ያለሁ የመሰለኝ በዚህ ነው። ነገር ግን ተጠንቀቁ! በአፍ ሲነግሯችሁ በዚሁ ሰዓት፣ ቲኬት ላይ ሲጽፉ ደግሞ በፈረንጁ ነው። ሁለቱን ያምታታ አውቶቡሱን በኋላው ያየዋል።

በማግስቱ ባቡር ተሳፈርኩ። በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ነው፤ ሁለተኛ ማዕረጉ 1,500 ሺልንግ። ከመግባታችሁ በፊት የተሳፋሪው ቦርሳ ሁሉ መሬት ላይ ይደረደርና ውሻ እያሸተተው ያልፋል። ባለቤቶቹ ራቅ ብለን ቆመን እናያለን። የእኔን ሲያሸት ቆም አለ። ጭንቅ አልኩ! ምንም የለም፣ ያልታጠበ ካልሲ ነው። ውሻው እንኳ አዘነልኝ መሰል አልፎ ሄደ።

መንገዱ ጻቮን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ያ በ1898 ሁለት አንበሶች የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን ይበሉበት የነበረው አገር ነው። እኔ አንበሳ አላየሁም፤ ዝሆን ግን አይቻለሁ፣ ቀዩን አፈር ተንከባሎበት ሸክላ የመሰለ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ለእሳቸው ዝሆን ማለት ለእኛ አህያ እንደማለት ነው።

እስካሁን ያለው ጨዋታ ነው። አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ናይሮቢ እንደገባሁ እንጀራ አማረኝና ኢስሊ ሄድኩ። ኢስሊ ማለት ሶማሌውና የእኛ ሰው የሚበዛበት፣ ገበያው መርካቶን የሚያስንቅ ሰፈር ነው። አንድ የእኛ ሰው ምግብ ቤት ገብቼ ሽሮ አዘዝኩ። ባለቤቲቱ ቦርሳዬን አዩና አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉ።

"ወዴት ነሽ የኔ ልጅ? ሳውዝ ነሽ?"

"አይ እትዬ፣ ወደ ቤቴ ነኝ።"

"ቤትሽ የት ነው?"

"አዲስ አበባ።"

ሳቁ። የክፋት ሳቅ አይደለም። "እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ እሄዳለሁ ያለኝ ሰው ካየሁ ቆየሁ" አሉኝ።

ጥግ ላይ አንድ ልጅ ተቀምጧል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፂሙ ገና አልበቀለም። ወሬያችንን ሰምቶ ቀረበ። ሞምባሳ እንደነበርኩ ስነግረው "ባሕሩ ጨው ነው የሚባለው እውነት ነው?" አለኝ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አሳየሁት። እያንዳንዱን ቀስ ብሎ አየው። "ሳውዝም ባሕር አለ ይላሉ። ስደርስ አየዋለሁ" አለ። ከዚያ ቦርሳዬን እያየ፣

"አንቺን ግን ይህን ሁሉ ይዘሽ እንድትሄጂ እንዴት ፈቀዱልሽ?"

"ማነው የሚፈቅድልኝ?"

"ደላላው ነዋ!"

ሰው ቦርሳ የሚያዝለው በደላላ ፈቃድ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። እነሱን "ከለበሳችሁት በቀር ምንም እንዳትይዙ" ብለዋቸዋል። በማግስቱ ሌሊት ወደ ታንዛኒያ ሊነሱ ነው፤ ከዚያ ማላዊ፣ ከዚያ ሞዛምቢክ፣ ከዚያ የፈቀደው ይሁን።

እኔ መቼም ዝም አልልም፣ ምክር ጀመርኩ። ከማንም የተሰወረ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሞዛምቢክ ቴቴ በተባለው ክፍለ ሀገር ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው ተገኝተዋል። ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ። በሕይወት የተገኙት 14 ብቻ ናቸው። ይህን ነገርኩት። ልጁ አልደነገጠም።

"ሰምቻለሁ እህቴ። ሁላችንም ሰምተናል" አለኝ። "አባቴ ግን ሁለት በሬ ሸጧል። በሬዎቹን ሳልመልስ በምን ፊቴ ነው የምመለሰው?"

ሽሮው ከፊቴ ቀዘቀዘ። ምን ልበለው? እኔ ባሕር ለማየት ያወጣሁት ብር ቢያንስ የአንዱን በሬ ዋጋ ያክላል። እሱ ከገጠር ወጥቶ የመጣውና እኔ ከአዲስ አበባ ወጥቼ የመጣሁት በአንድ መንገድ፣ በሞያሌ ነው። የእኔ "ጉብኝት" ይባላል፣ የእሱ "ስደት"። እኔ ፓስፖርቴ ላይ ማኅተም አስመትቼ ቀን ለቀን አለፍኩ፤ እሱ ሌሊት በጫካ። ለኢትዮጵያዊ እኮ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግም! "ታዲያ ለምን በሕጋዊ አልመጣህም?" ብለው "ፓስፖርት ለማውጣት ጊዜ የለም ብሎ ደላላው አጣደፈን" አለኝ። ደላላው ደግሞ ለምን አያጣድፍ? ልጁ በራሱ መሻገር ከቻለ እሱ ምን ይበላል?

ልነሳ ስል ልጁ ወደ ጓዳ ገብቶ አንድ አሮጌ ቦርሳ ይዞ መጣ። "ወደ አገር ቤት ከሆንሽ፣ ይኸን ለእህቴ ታደርሺልኛለሽ? አዲስ አበባ ሰው ቤት ነው የምትሠራው።"

እዚህ ላይ አንድ ምክር፦ የማታውቁትን ሰው ዕቃ ሳታዩ ድንበር አታሻግሩ። እኔም ይሉኝታዬን ዋጥ አድርጌ "ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፣ አውጥተህ አሳየኝ" አልኩት። አልተቀየመም። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረው፦ ሹራብ፣ የኳስ ማልያ፣ ፎጣ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል የባዮሎጂ ደብተር፣ የበሶ ቋጠሮ። ስፌቱን ሁሉ ዳብሼ ፈተሽኩ። ሁሉንም መልሶ ሲከት በሶውን ብቻ ለይቶ ኪሱ ከተተው። እናቱ የቋጠረችው ነው።

ስልክ መንገድ ላይ ስለሚነጠቅ የእኔን ቁጥር በእስክሪብቶ ቀበቶው ውስጠኛው ላይ ጻፍኩለት። ካለኝ ላይ 1,000 ሺልንግ ሰጠሁት። እትዬም የሽሮውን ሒሳብ "ተይው" አሉኝ።

የማታው አውቶቡስ ወደ ሞያሌ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብን ትሻገራላችሁ፤ ጨለማ ስለሆነ ምንም አታዩም። ከኢሲዮሎ በኋላ ያለው መንገድ አስፋልት ሳይለብስ በፊት በከብት ጭነት መኪና ላይ ቀናት የሚፈጅ ነበር አሉ። አሁን ሌሊቱን ተኝታችሁ ትነጉዳላችሁ፤ ፖሊስ እያስቆመ መታወቂያ ካልጠየቃችሁ። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የራሴ ቦርሳ ከላይ መደርደሪያ ላይ ነው፤ የልጁን ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ።

ሞያሌ ጠዋት ደረስን። መኪናው ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ ጎን የሚቀይርበት ከተማ ነው። የእኛ ፈታሽ አየኝና "ሁለት ቦርሳ ለአንድ ሰው?" አለኝ።

"አንዱ የወንድሜ ነው።"

"ወንድምሽ የታለ?"

"ወደኋላ ቀረ።"

ትንሽ አየኝና አልፎ ሰደደኝ። የገባው ይመስለኛል።

አዋሳ አድሬ በአምስተኛው ቀን አዲስ አበባ ገባሁ። ኪሴ ውስጥ የቀረው የባጃጅ ሒሳብ ነበር። በሳምንቱ እሑድ እህትየውን አገኘኋት፤ እሷም ገና ልጅ ናት። ቦርሳውን ከፍታ ሹራቡን አወጣችና "ቆሽሿል፣ ልጠበው" አለች። ከዚያ መልሳ አጣጥፋ አስቀመጠችው። "ይቆይ፣ እሱ ሲመጣ አጥብለታለሁ" አለችኝ። ከታንዛኒያ አንድ ጊዜ ደውሎላት ነበር። ይህን እስከጻፍኩ ድረስ ሌላ ስልክ አልመጣም። እኔ ግን የማላውቀው ቁጥር ሲደውል አሁን ሳላነሳ አላልፍም።

የሰፈሬ ሰው ደግሞ ስመለስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እዚያ ከደረስሽ በኋላ ለምን ተመለስሽ?" ቀልድ አይደለም፣ የምራቸውን ነው። ለእኛ ሰው ቦርሳ አዝሎ መውጣት ማለት መቅረት ነው፤ የተመለሰ እንዳልተሳካለት ይቆጠራል። ያ ልጅ በሬዎቹን ሳልመልስ አልመለስም ያለው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ይበልጥ ገባኝ። ከኮንቴይነሩ ይልቅ ይህን ጥያቄ ነው የፈራው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ብቻችሁን መጓዝ ያማራችሁ ካላችሁ ሂዱ። ሴቶችም ሂዱ! ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ያዙ። የኬንያ ሲም ካርድ በፓስፖርታችሁ አውጡ፤ ያለ ኤም-ፔሳ እዚያ አገር ብዙ ነገር አይከፈልም። የመመለሻችሁን ብር ከመጀመሪያው ቀን ለይታችሁ ካልሲ ውስጥ ቅበሩ፤ እኔ ባለማድረጌ የመጨረሻውን ሳምንት በቦሎቄ ገፋሁት። ማታ የማታውቁት ከተማ አትግቡ። ለቤተሰብ በየቀኑ የት እንዳላችሁ ንገሩ።

ከሁሉም በላይ ግን፣ ከጎረቤታችሁ አንድ ሰው ባዶ እጁን ተመልሶ ቢመጣ "ለምን ተመለስክ?" አትበሉት። "እንኳን በደህና መጣህ" በሉና ቡና አፍሉለት።

በሉ፣ ደህና ሰንብቱልኝ።