ከቢቸና እስከ ሰባራ ድልድይ

አንባቢ ሆይ፥ የጎጃምን ጀግኖች ለማወቅ ብትሻ ከቢቸና ተነሣ። በላይ ዘለቀ አምስቱን ዓመት ጠላትን የተፋለመው በዚሁ አገርና በዓባይ በረሃ ነው። በ1933 ዓ.ም. ደጃዝማች ተባለ፤ እርሱ ግን ውለታዬ በዚህ አይመዘንም ብሎ አኮረፈ፥ ኋላም ሸፈተ። በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። ለእንዲህ ያለ ሰው ገመድ አይገባም ነበር እላለሁ።

ስም ያልወጣላቸውን ደግሞ ለማየት በደብረ ወርቅ አድርገህ ወደ ሞጣ ዝለቅ። ከሞጣ ወደ ዓባይ ስትወርድ ጎጃምንና በጌምድርን የሚያገናኘውን ሰባራ ድልድይ ታገኛለህ። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። በወረራው ጊዜ አርበኞች የጠላት ጦር እንዳይሻገር ብለው መካከሉን አፈረሱት። ጠላት ወጣ፤ ድልድዩ ግን እንደ ተሰበረ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ ገበያተኛውም በሽተኛውም ወገቡን በገመድ ታስሮ፥ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ጎበዞች ክንድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ባሕር የሌለው ጎጃም መርከበኞቹ እነዚህ ነበሩ፤ እጃቸውን ገመድ ላጠው እንጂ ኒሻን ያጠለቀላቸው የለም።

በ1994 ዓ.ም. ስብራቱ በብረት ተጠገነ፤ በሦስተኛው ዓመት የክረምት ሙላት ጠራርጎ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ስትወርድ ውሃ መያዝህን አትርሳ፤ ቁልቁለቱ ሲያታልል ዳገቱ ይጠብቅሃል።